የእሜቴ ቁጥርና የኢንቨርተሩ ሙቀት

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ይህ ደብተር የአውቶቡስ የጉዞ መዝገብ እንዲሆን የተገዛ ነበር፤ ሳልጀምረው ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ ሥራ ተገኘለት።

ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ኢንቨርተሩ፣ የሶላሩን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረው ሳጥን፣ ጠፋ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም፤ እሱስ ብርቃችን አይደለም፣ ሶላሩም የተገዛው ለዚሁ ነው። የገረመኝ ፀሐዩ ጣሪያ ላይ እየነደደ፣ ባትሪውም ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ሳጥኑ ቀይ መብራት አብርቶ ጭጭ ማለቱ ነው። የባለቤቴ የኦክስጅን ማሽን አብሮት ቆመ። ሳንባዋ ከታመመ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ያለዚያ ማሽን ከአልጋዋ እስከ በሩ መድረስ አትችልም።

እኔ ውጭ በር ላይ ከጎረቤታችን ከብረት በያጁ ጋር ቆሜ እየሳቅኩ ነበር። ማሽኑ ኃይል ሲያጣ የሚያሰማውን ጩኸት መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው፤ «ጆሮዬን መዶሻ በልቶታል» እያለ የሚያማርረው ሰውዬ። ሮጬ ገብቼ መጠባበቂያውን የኦክስጅን ሲሊንደር ከፈትኩላት። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ትራሷን ተደግፋ በእጇ «ቀስ በል» ትለኝ ነበር።

ዕቃ ቤቱን ስከፍተው ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊቴን ገረፈኝ። የሳጥኑ ትንሽ መስኮት 85 ዲግሪ ትላለች። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ስጠብቅ በራሱ ተነሣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሞተር አፍልቼ ተሳፋሪ መንገድ ላይ አልጣልኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ሶላሩን የገጠመልን ቴክኒሻን መጣ። ሳጥኑን ፈትቶ በአየር ሲነፋው የወጣው አቧራ አንድ ባልዲ ይሞላል። 75 ሲደርስ ማስጠንቀቅ ይጀምራል፣ 85 ላይ ራሱን ለማዳን ይጠፋል አለኝ። ዕቃው ደህና ነው፤ የታፈነው ክፍሉ ነው። የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ መላልሶ ይስባል።

ግድግዳውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ እዚህ ጋ መስኮት አልነበረም ወይ ሲል ጠየቀኝ። ድሮ የተደፈነ ነው አልኩት።

ድሮ ማለት ካቻምና ነው። የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ ሌባ ፈርቼ።

ቴክኒሻኑ የሳጥኑን ሙቀት፣ የባትሪውን መጠንና ያለበትን ጭነት በስልክ ማየት ይቻላል አለና አስተካከለልን። እኔ ጌጅ በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ ስልኩን ገፋሁት። እሜቴ ተቀበለችው። (ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምራ፣ ትዕዛዝ ቤት ድረስ ይዛ የመጣች ሴት ስለሆነች እሜቴ እላታለሁ። እሷም ስትናደድ ሾፌሩ ትለኛለች።) ከአልጋዋ ሆና ስልኩን አገላብጣ አየችውና፣ «ለአንተ መሪውን፣ ለእኔ ጌጁን» አለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ስምንት ሰዓት — 70። ዘጠኝ — 76። አስር — 81። ቬንትሌተሩን ከሳሎን አምጥቼ ሳጥኑ ላይ አዞርኩት። በሩን ከፈትኩ። አስር ሰዓት ከሩብ — 81። ንቅንቅ አላለም።

ቴክኒሻኑ ጋ ደወልኩ። ጋሼ፣ የታፈነ ክፍል ውስጥ ቬንትሌተር ማለት የፈላ ውሃ ማማሰል ነው፣ ሙቀቱ መውጫ ይፈልጋል አለኝ። ይህን ለእኔ ይነግረኛል። ለራዲያተር ሰው።

እሜቴ ሁለቴ ጠራችኝ። መጣሁ አልኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ልጃችን ደወለች። ያለችው በመኪና የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት። ወሬው ደርሷታል፤ በያጁ ይሆናል ያወራው። ስንት ደቂቃ ነው የቆየችው ብላ ጠየቀችኝ። አምስት አልኳት። እሜቴ አጠገቤ ነበረች፤ ወደ መስኮቱ ዞረች።

እናቷን ወስዳ እሷ ዘንድ ልታኖራት ትፈልጋለች፤ ሕንፃው ትልቅ ጄኔሬተር አለው። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍቱ ደግሞ እንደ ባለሥልጣን ሲያሻው ነው የሚገኘው። እሜቴ ስልኩን ተቀብላ፣ በቤቷ ሆና አገር የሚያክል ሰማይ እያየች የምትተነፍሰው እንደሚበልጥባት ነገረቻት።

ልጄ ስለ ሪፈር ወረቀቱም አነሣች። ሐኪሟ ባለፈው ወር ወደ ሆስፒታሉ የሳንባ ክፍል ጽፋላት ነበር። አልረሳሁትም። መጀመሪያ ይህ ሳጥን ይስተካከል። ከሆስፒታል ተመልሳ የምትገባው ወደዚሁ ቤት አይደለም እንዴ?

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ዘጠኝ ከሃምሳ አምስት። ድጋሚ ጠፋ። በዚህኛው ከሲሊንደሩ አጠገብ ነበርኩ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። በሰዓት ይዤዋለሁ።

ሲሊንደሩ ግማሽ ነው። ነገ ማስሞላት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ዛሬ እንደ ተማሪ ተቀመጥኩ።

ሲሊንደሩን አስሞልቼ ስመለስ እሜቴ ጠራችኝና አልጋዋ ጫፍ ላይ በእጇ መታ መታ አደረገች። በስልኩ የምታየውን ቁጥር በየሰዓቱ ስትጽፍ ከርማለች፤ ከዚያ በካሬ ወረቀት ላይ ተራራ የሚመስል መስመር ሠርታበታለች። በእርሳሷ እየጠቆመች ጠየቀችኝ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ሳጥኑ አብዝቶ የሚሠራው ያኔ ነው። ስንት ይላል?»

«66።»

«አስር ሰዓት ላይ ሥራው በግማሽ ቀንሷል። ቁጥሩስ?»

«81።»

«እንግዲህ ሥራው ካላሞቀው ማን አሞቀው?»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ስንት ቀን ቆሜ ላቤን አፍስሻለሁ፤ እጄን ግን ሳጥኑ የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ አሳርፌ አላውቅም። ሄጄ ነካሁት። የጋለ ብረት ምጣድ ነው። የምዕራቡ ግድግዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉውን ፀሐይ ይጠጣና ሳጥኑን ከጀርባው ይጠብሰዋል።

ተመልሼ «ግድግዳው ነው» አልኳት። «ጎበዝ፤ አሁን ቁጭ በል» አለች። በያጁ ከሥራ ሳይወጣ ልድረስበት ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ከጠዋት ጀምሮ መዶሻና መሮ። የደፈንኩትን መስኮት አፈረስኩት። ስደፍነው እንዴት አጠናክሬዋለሁ! ለሌባው ሳይሆን ለራሴ ነው የለፋሁት። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ለቀዝቃዛ አየር መግቢያ ቀዳዳ በሳሁ፤ መስኮቱ ከላይ ለትኩሱ መውጫ ይሆናል። በያጁ ለሁለቱም ፍርግርግ ሠርቶ፣ ለአይጥና ለአቧራ ወንፊት አለበሳቸው። መስኮቱ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚተፋ ማራገቢያ ገጠምን፤ ሽቦውን ቴክኒሻኑ አገናኘው። ሳጥኑን ሲያወርድና ወደ ሰሜኑ ግድግዳ ሲያዛውር እሜቴ ሁለት ሰዓት ተኩል በሲሊንደር ቆየች። ደቂቃውን እየቆጠርኩ በየአስር ደቂቃው ገባሁ። ዓይኗን ጨፍና ነበር። አረፍ ብላለች ብዬ በእግሬ ጣት ጫፍ ወጣሁ።

ነገ ለምዕራቡ ግድግዳ የቆርቆሮ ጥላ እንሠራለን፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፣ አየር እንዲያልፍበት።

ወገቤ ተቆርጧል። ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

አስር ሰዓት — 66!

ሁለቴ አየሁት። ከዚያ ስልኩ ላይም አየሁት፤ ሁለቱ ተጣጣሙ። በያጁ መጥቶ ሳጥኑን እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ አድርጎት ሄደ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 22

ልጄ መጣች፤ አድራ ነገ ትመለሳለች። ዕቃ ቤቱን አስጎበኘኋት። እጇን መግቢያው ቀዳዳ ላይ አድርጋ አየሩ ሲገባ ሲሰማት እንድታደንቅ ጠበቅኩ። ጥሩ ሠርተሃል አባዬ አለችና፣ እማዬ ግን ለምን ከሳች ስትል ጠየቀችኝ። ሙቀቱ የምግብ ፍላጎት ዘግቶባት ነው አልኳት።

ከሰዓት የሳጥኑን የአቧራ ፊልተር ሳጥብ ድምፅዋን ሰማሁ። በጓሮ በኩል ለባሏ በስልክ ታወራለች። «አባዬ የሚያስታምመው ሳጥኑን ነው» አለችው።

ውሃውን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት።

ምን አጠፋሁ? ሳጥኑ ከቆመ እናቷም ትቆማለች። ይህን የማይረዳ ሰው አለ? ልጅ ስለሆነች ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 27

ካውያና የውሃ ፓምፕ ከስድስት ሰዓት በፊት ብቻ። ፊልተር በየእሑዱ። ወንፊቶቹ በየሦስት ቀኑ በቡሩሽ። ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩ።

ሐኪሟ ደወለች። መቼ ትመጣላችሁ? ከመጪው ሳምንት በኋላ አልኳት። አሁን ገና ሳጥኑ መስመር እየያዘ ነው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 2

የዚህ ዓመት ሙቀት ጣራ ዛሬ ነው። የመንገዱ አስፋልት ቀልጦ ጫማ ይይዛል። መብራት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ የመጣው ሲመሽ ነው። በዚህ ሁሉ ሰዓት ሳጥኑ ከ61 አልዘለለም። አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም። በያጁ ማቀዝቀዣው ቀልጦበት ወተቱን እኛ ጋ አምጥቶ አስቀመጠ። መንደሩ ሁሉ ጨልሞ የእኛ ቤት ሲበራ፣ ሙሉ ተሳፋሪ ይዤ ዳገት የወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ለእሜቴ ልነግራት ሮጬ ገባሁ። ፈገግ ብላ «አይቻለሁ» አለች። እራት አልቀመሰችም፤ በጊዜ ተኛች። ሙቀቱ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 5

የኦክስጅን ማሽኑን ከሁለት ሊትር ወደ ሦስት ከፍ አደረግነው። ሐኪሟ ካስፈለገ እስከ አራት ይቻላል ብላ ነበር። ሳጥኑ ጭነቱን ችሎታል። 62።

አጠገቤ ቁጭ በል አለችኝ። ወንፊቱን ጨርሼ ስመለስ እንቅልፍ ወስዷታል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ሰበብ አገኛለሁ።

የወሩን የሙቀት ቁጥር ወደዚህ ደብተር ልገለብጥ ብዬ፣ እሜቴ ተኝታ ሳለ የእሷን ደብተር ከትራሷ ሥር አነሣሁ። ገጹን በማስመሪያ ከሁለት ከፍላዋለች። በግራ በኩል የኢንቨርተሩ ሙቀት ነው። በቀኝ በኩል ያለውን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ከዚያ ጣቷ ላይ የምትቆነጥጣት ትንሿ መለኪያ ታየችኝ፤ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የምትለካው።

መጋቢት 4፦ ሳጥኑ 79፣ እሷ 94።
መጋቢት 18፦ ሳጥኑ 66፣ እሷ 92።
ሚያዝያ 2፦ ሳጥኑ 61፣ እሷ 89።
ትናንት፦ ሳጥኑ 60፣ እሷ 86።

ያም ሲወርድ እሷም ስትወርድ፣ ጎን ለጎን። እኔ በግራው ስጨፍር እሷ በቀኙ ስትወርድ ነበር። ሙቀቱ አልነበረም። ማሽኑም አልነበረም፤ ማሽኑ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዴም ሳይቆም ሠርቷል። የማመካኝበት ዕቃ አልቆብኛል።

ከሁሉ በላይ ያለው የመጀመሪያው መስመር ነው። በጽሕፈቷ፣ ለተማሪ በምትጽፍበት በዚያ በጠራ ፊደል፦ «መጋቢት 3፦ 9 ደቂቃ።»

ዘጠኝ። በግድግዳው ሰዓት ቆጥራዋለች። እኔ እዚህ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ ለልጄ አምስት አልኩ፤ ባለቤቴ አጠገቤ ሆና ሰምታ አለፈችልኝ። ዘጠኝ ነበር። ሳወራ ማሽኑ ሲጮህ ሰምቼዋለሁ፤ የሰው መኪና ነው ብዬ ወሬዬን ቀጠልኩ። በያጁ «ከእናንተ ቤት አይደለም ወይ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀኝ። መስኮቱንም የደፈንኩት እኔ ነኝ፣ ድሮ አይደለም። የሪፈር ወረቀቱም መሳቢያ ውስጥ ያለው እኔ ስላስቀመጥኩት ነው። እናቴ በዚያው ሆስፒታል በር ገብታ በዚያው አልተመለሰችም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምክንያቴ ግን እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 10

ጠዋት ፊቴን ታጥቤ፣ ሳጥኑን ሳላይ፣ ወንበር ስቤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ደብተሯን እንዳየሁ ነገርኳት። ዘጠኙንም አመንኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ትንፋሽ ለመሰብሰብ ጊዜ ወሰደባት። «ቁጭ በል ስልህ ምን ልልህ ይመስልሃል? ከዚያ ደግሞ ግድግዳ ስትበሳ አየሁህ። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ስታፏጭ ሰምቼህ አላውቅም። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ወር ሞላ።»

ሁለታችንም ፈሪዎች ነን ማለት ነው። እሷ ግን ፍርሃቷን በቁጥር መዝግባዋለች።

ልጄ ጋ ደወልኩ፤ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዘጠኝ መሆኑንም ጭምር። መጣሁ አለች። ሐኪሟ ጋ ደወልኩ። ነገ ጠዋት ሳትዘገዩ አምጧት ነው ያለችው። ወረቀቱን ከመሳቢያው አወጣሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 11

በበያጁ ፒክአፕ፣ ሲሊንደሩ በእግሯ መሐል፣ እኔ ነዳሁ። እሱ ከኋላ ጭነት ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚህ ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ጥሩምባ ነፉ። ይንፉ።

የሆስፒታሉ በር ላይ ወንበሯን መግፋት አቆምኩ። አልዋሽም። እሜቴ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝና ይዣት ገባሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 14

በሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ተቋጥሯል፤ ኢንፌክሽንም አለ። የድሮው በሽታ አይደለም፣ ከላይ የተደረበ ነው። በቱቦ አንድ ሊትር ተኩል አወጡላት። ሐኪሟ ከወር በፊት ብትመጡ ይቀል ነበር አለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ 90።

እሑድ፣ ሚያዝያ 21

92። ሙሉ ሳህን በላች፤ ጨው የለውም ብላ አማረረች። ነርሷ ደስ አላት፤ የሚያማርር በሽተኛ ነው የሚድነው አለችኝ።

ልጄ ቤቱን ይዛለች። ፊልተሩን ራሷ አጥባ፣ በሩ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ላይ ያጠፋሁትን ፊደል አርማበታለች። የእናቷ ልጅ። እሜቴ ደግሞ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና በስልኳ ዕቃ ቤቱን ትጠብቃለች። ዛሬ ስገባ፣ «ሳጥኑ 59 ነው፤ አንተስ ምሳ በልተሃል?» አለችኝ።

አልበላሁም ነበር።

ረቡዕ፣ ግንቦት 1

ቤት ገባን። ማሽኑ ወደ ሁለት ተመልሷል። ከመኪናው እስከ አልጋዋ ሁለት ጊዜ አርፋ በእግሯ ደረሰች። ልጄ ሳትሄድ በፊት ዕቃ ቤቱ በር ላይ አቅፋኝ ቆየች። ስለ ሳጥኑ በስልክ ያለችውን እንደሰማሁ አልነገርኳትም። ልክ ነበረች፤ ልክ የሆነን ነገር ምን ብዬ እወቅሳለሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 6

ሙቀቱ አልበረደም። ሳጥኑ ደህና ነው። ጠዋት አንዴ፣ አስር ሰዓት ላይ አንዴ አየዋለሁ፤ ሌላውን ለእሜቴ ትቼዋለሁ። ከሰዓት የእኔ ወንበር እሷ አጠገብ ነው። መጀመሪያ ሰሞን የማወራው ጠፍቶብኝ ነበር፤ አርባ ዓመት አብረን ኖረን። ዛሬ ስለ አንድ ሰነፍ ተማሪዋ ነግራኝ ሳቅን፤ ሳቁ ወደ ሳል ሲለወጥ ተነሥቼ አልሮጥኩም፤ ጀርባዋን ይዤ ጠበቅኩ፤ አለፈ።

ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ከሐኪሟ ጋር ቀጠሮ አለን። እስከ ዛሬ እሷ ስትገባ እኔ መኪና እጠብቃለሁ እያልኩ ውጭ እቀር ነበር። አሁን አብሬ እገባለሁ ብዬ የምጠይቀውን በወረቀት ጻፍኩ። ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ መለኪያዋ፣ ማሽኑን መቼ ወደ ሦስት እንደማደርግ፤ ስድስት ጥያቄ ሞላ።

ለእሜቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አነበበችውና፣ እርሳሷን አንሥታ ከታች አንድ ጨመረችበት፦ «የድሮው በሽታ የት ደርሷል? ምን ያህል ጊዜ አለን?»

ወረቀቱን መለሰችልኝና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። አዲስ ወረቀት ወሰድኩና ሁሉንም እንደገና ገለበጥኩት፤ የእሷን ጥያቄ አንደኛ ቁጥር ላይ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ።

ነገ የምጠይቀው እኔ ነኝ።